ኖራ የለበሰው ድንጋይ

እርጥብ ኖራ ሽታ አለው። የለውም የሚል ሰው አፍንጫው ይታይለት። ጠጠሩ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ጉሮሮ የሚይዝ እንፋሎት ይለቃል፤ ሽታው ዝናብ የመታው አመድ ይመስላል። ባለፈው መስከረም ለመስቀል ወደ አገር ስገባ፣ ከወልቂጤ ወደ ቸሃ በሚወጣው ሚኒባስ መጥቼ ሰፈራችን መገንጠያ ላይ ስወርድ ቀድሞ የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። ሁለት ጎረምሶች ከመንገዱ ዳር የቆመውን ድንጋይ ኖራ ይቀባሉ። አንደኛው የሙዚቃ ገመድ ጆሮው ውስጥ ሰክቷል፤ ሌላው ባልዲውን ይዞለታል።

የምን ድንጋይ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አውቄ ነው የጠየቅኩት።

«የመንገዱ መታሰቢያ ነዋ ፋዘር» አለኝ ባልዲ የያዘው። «መንገዱ ሲሠራ ነው የቆመው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።»

ሁሉም የሚያውቀው ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ያላጣራው ነገር ነው። ያ ድንጋይ መንገዱ በሰው ሐሳብ እንኳ ሳይኖር ቆሟል። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩና አየኋቸው። ቀቢው ብሩሹን እንደመጣለት ያመላልሰዋል፤ ኖራው መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ያኔ ነው ዘነበች የመጣችብኝ፤ ኖራ በበላው ጣቷ፣ በዚያ በጎረነነ ድምጿ።

ዘነበች የአጥር ጎረቤታችን ነበረች። ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሳሉ ነው የምነግራችሁ፣ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር። በአገራችን ቤት የሚሠራው በሁለት ረድፍ ነው፤ በመካከሉ ጀፎረ የምንለው ሰፊ የሣር ሜዳ ይዘረጋል። መንገዱም፣ ለቅሶውም፣ ጨዋታውም፣ ሸንጎውም እዚያው ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በሽማግሌ ይቀጣል። የዘነበች ቤት የጀፎረው ጫፍ ላይ ነበር፤ ከጓሮው እንሰት፣ ከደጁ የተሰጣ ቃጫ። ሌላዋ ሴት እንሰቱን ፍቃ ቆጮዋን ካወጣች በኋላ ቃጫውን እንዳለ ለነጋዴ ትሸጣለች። ዘነበች ግን ታበጥረዋለች፤ አንዱን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ትይዝና ገመድ አድርጋ ትገምደዋለች። ቀኑን ሙሉ መዳፏ ሲፋተግ ይሰማል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቤት መኖሯን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነው። ስንሯሯጥ ቃጫዋን ከረገጥንባት በገመዱ ጫፍ ባታችንን ታቀምሰናለች፤ ካለቀስን ደግሞ የተቀቀለ ድንች ትሰጠናለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት ናት። እትዬ ዘነበች ነበር የምንላት። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የሞላትና ያላገባች ሴት እንደ አሮጊት ትቆጠር ነበር።

ድንጋዩ ከደጇ ትንሽ ራቅ ብሎ ዝግባው ሥር ይቆማል። የሰው ደረት የሚደርስ፣ ያልተጠረበ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ድንጋይ ነው። በዘነበች አያት ዘመን አንድ የደንቡ ቤት ሰው አንድ የመርጋ ቤት ሰው የገደለው እዚያ ላይ ነው። ዘነበች የደንቡ ቤት ልጅ ናት፤ ማለት የገዳዩ ወገን። ጠቡ በምን እንደተነሣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የነገረኝ። አንዱ በግጦሽ አለኝ፣ አንዱ በውሃ፣ አንዱ በሰርግ ላይ በተጣለ ነገር። ብቻ ከዚያ በኋላ ደም ደምን እየጠራ ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱን ቤቶች ጉርዳ አስገባቸው። ጉርዳ ማለት መሐላ ነው፤ ጉርዳ የገባ ሰው ወንድም ነው። የመርጋ ቤት ደሙን ላይፈልግ ማለ። የደንቡ ቤት ደግሞ ሟቹ የወደቀበት ድንጋይ እንዳይረሳ በየዓመቱ ከመስቀል በፊት ሊያነጣው ማለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት ሆኑ፤ በአንድ ቤት ደግሞ ጋብቻ የለም። ፊደል ያልነበረው ሰው እንግዲህ ድንጋይ ነው የሚያቆመው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልረሳውም።

የማንጣቱ ነገር ለወንድ ነበር የሚገባው። የዘነበች አባት ሲሞት ሁለቱ ወንድሞቿ አዲስ አበባ ነበሩ፣ መርካቶ። እነሱ እስኪመጡ ተብሎ ብሩሹ በእሷ እጅ ገባ። እነሱም በየዓመቱ ለመስቀል ይመጣሉ፣ ክትፏቸውን ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፤ ብሩሹን የተቀበላት የለም። ብሩሹ ራሱ የቃጫ ነው፣ እንጨት ላይ ያሠረችው። ኖራውን የምትበጠብጠው አፉ በተቆረጠ የላምባ ቆርቆሮ ነው። ሲፈላ ከራቀች በኋላ ተመልሳ አንድ ጭብጥ ጨው ትጨምርበታለች፤ ጨው ካልያዘው ዝናብ ያጥበዋል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ የላም ጀርባ እንደምታብስ አድርጋ ትቀባዋለች። አትቸኩልም። ኖራው ጣቶቿን ስለሚበላው እስከ ጥቅምት በቅቤ እያሸች ትከርማለች።

ሳህሌ የሚባል ሰው ነበር። የመርጋ ቤት ልጅ ነው፤ ማለት የሟቹ ወገን። ወልቂጤና አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው። ለጭነቱ ማሠሪያ ገመድ ይገዛታል፤ ሲገዛም ጉድ ነው። ገመዱን ከዛፍ ጋር አሥሮ ላቡ እስኪንቆረቆር ይጎትታል። እሷ ቁጭ ብላ ታየውና «ከበጠስከው በነጻ ውሰደው» ትለዋለች። በጥሶ አያውቅም። ዘነበች ቀድሞ ኖራ አትገዛም ነበር፤ ከወንዝ ገደል ነጭ አፈር እየቆፈረች ነው የምትቀባው፤ ዝናብ ሲመጣ አብሮ ይወርዳል። አንድ ነሐሴ ላይ ሳህሌ ከአዲስ አበባ አንድ ጆንያ ኖራ ጭኖ መጣና ደጇ ላይ አወረደላት። በሚቀጥለውም ነሐሴ እንዲሁ። ከዚያ ልማድ ሆነ። ወደ ቤት አይገባም፤ ጆንያውን አጥሩ ሥር ያስደግፍና ቆሞ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። ዓመት እስከ ዓመት ከገመድ ንግድ ሌላ በመካከላቸው ሰው ያየው ነገር ይኸው ነው።

ሴቶቹ ወንዝ ዳር ይነካኳት ነበር። «ዘነበች፣ ኖራ ነጋዴሽ መጣልሽ» ይሏታል።

«ኖራ ይዞ መጣ እንጂ ሽማግሌ ይዞ አልመጣ» ትላለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ሁሉም ያውቅ ነበር። እሷ የመጣላትን ባል ሁሉ መልሳለች። እሱም ጎልማሳ ሆኖ ሚስት የለውም፤ በእኛ አገር ሚስት የሌለው ጎልማሳ ምሰሶ እንደሌለው ቤት ነው። ሽማግሌ እንዳይልክ ድንጋዩ አለ። እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ የሚያሳዝነው ሰውየው መከልከሉ አይደለም፣ የሚከለክለውን ድንጋይ ማንጫ ራሱ ተሸክሞ ማምጣቱ ነው ትል ነበር። እኔ ያሳዝናል አያሳዝንም አልልም። የነበረውን ነው የምናገረው።

ከዚያ መንገድ ይሠራል ተባለ። አዲስ አበባ ያለው የአገራችን ሰው ገንዘቡን አዋጣ፣ አገር ቤት ያለው ጉልበቱን። አባቴ ዶማውን ይዞ ወጥቷል። ዝናብ ሲመጣ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክሞ ጭቃ ለጭቃ ወልቂጤ መውረድ ሰውን አንገፍግፎት ነበር፤ ስለዚህ ማንም ወደ ኋላ አላለም። አንድ ቀን ቀያሾቹ ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ጀፎረው ላይ ተከሉ። ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየመቱ መጡ፣ መጡና አንዱ ችካል በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አረፈ። በዚህ በኩል ቢያዞሩት የአንድ መበለት ቤት ነው፣ በዚያ በኩል ገደል።

የመንገዱን ሥራ የሚመሩት አቶ ተሰማ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ የአገራችን ልጅ፣ አዲስ አበባ ሀብት ያፈሩ፣ ሙቀትም ቢሆን ካፖርታቸውን የማያወልቁ። ድንጋዩን በዶዘር ገፍቶ መጣል ቀላል እንደሆነ ቀያሾቹ ነገሯቸው። እሳቸው ግን የአገሩን ነገር ያውቃሉና ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ።

ሽማግሌው ዝግባው ሥር ተቀመጠ። የደንቡ ቤት በአንድ ወገን፣ የመርጋ ቤት በአንድ ወገን። እኛ ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለናል። ክርክሩ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ፈጀ። በኋላ ድንጋዩ ይነቀል፣ ግን ዶዘር አይንካው፣ የሁለቱ ቤት ሰዎች በእጃቸው ተሸክመው ከመንገዱ ዳር ይትከሉት ተባለ። ሁሉም እፎይ ብሎ ሊነሣ ሲል ከመርጋ ቤት በኩል አንድ ሰው ቆመ። ሳህሌ የላከው ነው። ሳህሌ ራሱ ከኋላ ቆሞ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል።

«ድንጋዩ ሲነቀል ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል» አለ የተላከው ሰው። «ጉድጓዱ ባዶ ሳለ የእነዚህን የሁለቱን ነገር ፍቱልንና ከዚያ እንትከለው። እነሱ ይጋቡ። ሌላው ጉርዳ እንዳለ ይሁን።»

ከሁሉም በላይ ቃላቸው የሚጠበቀው አባ አርጋ ነበሩ። የሟቹ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሲሞት በእናታቸው ሆድ ነበሩ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሳህሌን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው።

«የሳህሌን ደስታ አልጠላም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። ዛሬ ለጋብቻ ከተፈታ፣ ነገ የኔ ቤት ጎረምሳ ጠጥቶ ‹ለደምም ተፈቷል› ቢለኝ ምን እለዋለሁ? መልሱን ስጡኝና እኔው ልፍታው።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ በዱላው መሬቱን ጫረ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ በመጨረሻ፣ ድንጋዩን በእጇ የያዘችው ልጅቷ ናትና ትጠየቅ አሉ። ፍቱልኝ ካለች መልስ እስኪገኝ ሌላም ቀን ይቀመጣሉ፤ ካላለች ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ሴት በሸንጎ መካከል አትናገርም፤ በአጎቷ በኩል ነው የሚጠየቀው። አጎቷ ግን ገና ዞር ሳይሉ እሷ ከደጇ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ድንጋዩ ሲተከል ልትቀባው ኖራዋን በጥብጣ፣ የላምባ ቆርቆሮዋን በእጇ አንጠልጥላለች። ቆርቆሮው ይጨሳል።

ወደ ሳህሌ አላየችም። ወደ ወንድሞቿ አየች፤ ለድንጋዩ ሲሉ ከመርካቶ ተጠርተው መጥተው ከደንቡ ቤት ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። በመስቀል ሰሞን ከወልቂጤ በእግር ሲመጡ በመርጋ ቤት ሰዎች ደጅ ነው የሚያልፉት፤ ሁልጊዜም እዚያ ቂጣ በጎመን በልተው ነው የሚያልፉት።

«ኖራው እየደረቀብኝ ነው» አለች። «የምትተክሉ ከሆነ ፈጠን በሉ።»

ያ ነበር መልሷ። ሁሉም ገባው። ሳህሌ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ሸሚዙን አወለቀና ድንጋዩን ከሚያነሡት ጋር ጎንበስ አለ። ከባዱን ጎን እሱ ያዘ። ሲተከል ቀጥ አድርገው ነው የተከሉት፤ ማዘንበሉ በዚያ ቀረ። እሷም ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ቀባችው፣ እንደ ልማዷ ሳትቸኩል። እናቴ በኋላ ምን ነካሽ ብትላት፣ «እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ብዙ ናቸው» ብላ ገመዷን መግመድ ቀጠለች። አለቀሰች የሚል ሰው አለ። እኔ አጥር ለአጥር ነው የኖርኩት፤ አልሰማሁም።

ነሐሴ ሲደርስ ይቀራል ብለው የተወራረዱ ነበሩ። ጆንያው መጣ። ሳህሌ አጥሩ ሥር አስደገፈው፣ ውሃውን ቆሞ ጠጣ፣ ሄደ።

በዚያው ዓመት መንገዱ ተመረቀ። አቶ ተሰማ ድንጋዩን ሊያከብሩት ፈልገው ነው መሰለኝ፣ ከአዲስ አበባ ጠራቢ አምጥተው ወደ መንገዱ ያለውን ፊቱን አለሰለሱና ጻፉበት። የሚመርቁት ደጃዝማች ስም፣ የመንገዱ ሥራ፣ የንጉሡ ዘመን፣ ሁሉም በደንብ ተቀረጸ፤ ፊደሉም ጥቁር ተቀባ። ደጃዝማቹ በጥቁር መኪና መጡ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ በሬ ታረደ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኛ ተማሪዎቹ ዘመርን። የሰፈሩ ሰው ድንጋዩ ላይ ጽሕፈት በመውጣቱ ደስ ነው ያለው። የጉርዳው ነገር የተጻፈ መስሎታል እኮ። ከትልቅ ሰው የመጣ ጽሑፍ ሌላ ምን ሊል ይችላል? እያለፉ ይስሙት ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዘነበች ጠራችኝና አንብብልኝ አለች። ሆሄ እየቆጠርኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩላት።

«የመርጋ ቤት ሟች ስም አለበት?» አለችኝ።

«የለም።»

«የኛስ ቤት?»

«የለም።»

«እንግዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች።

የሞተ ሰው የለበትም አልኳት። ድንጋዩን አየችው። ለመስቀል ስታነጣው ፊደሉንም ምኑንም አልለየችም፤ በሙሉ ለበጠችው።

አቶ ተሰማ ሰምተው በላንድሮቨር መጡ። ተናደዋል፤ ካፖርታቸው እንኳ ተከፍቷል። የትልቅ ሰው ስም በኖራ መሸፈን በምን እንደሚያስጠይቅ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት።

«ስሙ የትም አልሄደም ጌታዬ» አለቻቸው። «ከሥር አለ። ብርድ እንዳይመታው አለበስኩት።»

የቆመው ሰው ሳቁን በጋቢው ዋጠ። አቶ ተሰማ ግን አልሳቁም፤ ወስጄ አሳስራታለሁ ወደ ማለቱ ነበሩ። ያኔ አባ አርጋ በዱላቸው እየተመሩ መጥተው በመካከል ቆሙ። መሐላው የደንቡ ቤት ድንጋዩን ያነጣል ነው የሚለው፤ ሰው ሲጽፍበት ይተወዋል አይልም፤ ይህን ያላደረገች ዕለት የምትከሰሰው በእኔ ነው አሉ። የሟቹ ልጅ ለገዳዩ ወገን ሲቆም አቶ ተሰማ ካፖርታቸውን ቆለፉ። ደጃዝማቹ በዚህ መንገድ መቼም ሁለተኛ አይመጡም ብለው፣ የመኪናውን በር ዘግተው ሄዱ። ደጃዝማቹም አልመጡም።

በየዓመቱ አንድ ልብስ፣ በየዓመቱ አንድ ልብስ። መጀመሪያ ጥቁሩ ቀለም ጠፋ። ከዚያ የፊደሎቹ ጉድጓድ በኖራ ሞላ። እኔ ንባብ በጣም ስችል ድንጋዩ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

ለውጡ ሲመጣ ጎረምሶች መዶሻ ይዘው በመንገዱ ላይ ወጡ። የመሳፍንትና የመኳንንት ስም ያለበትን ሁሉ ይሰባብራሉ። ከእኛ በታች ድልድዩ ላይ የነበረውን እብነ በረድ አደቀቁት፤ ስባሪውን ሰው ለምድጃ ወሰደው። ከዚያ ወደ እኛ መጡ። ድንጋዩን ዞሩት፣ ዳበሱት፤ እንቁላል የመሰለ ነጭ ነው። ዘነበች ደጇ ላይ ትገምዳለች።

«እናት፣ ይህ ምን የተጻፈበት ነው?» አላት መዶሻ የያዘው።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ አንብበው» አለችው።

«ለምንድነው ታዲያ የነጣው?»

«መኪና እንዳይመታው።»

ልጁ መዶሻውን ትከሻው ላይ መልሶ ሄደ። ስሙ ቢታይ ኖሮ ድንጋዩ ያን ቀን ጠጠር ይሆን ነበር። አስባበት ነው የሸፈነችው የሚሉ አሉ፤ ውሸት ነው። ማን ለውጥ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር? ማንጣት ስላለባት ነው ያነጣችው።

ዘነበች ሳታገባ ሞተች። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ለቅሶው ላይ ደርሻለሁ። ሳህሌ መኪናውን ሸጦ፣ አርጅቶ፣ በዱላ ነው የመጣው፤ እንደ ወንድም ከደንቡ ቤት ሰዎች ጋር ተቀመጠ፤ በጉርዳው ወንድሟ ነውና ማንም ከዚያ ሊያስነሣው አይችልም። በሚቀጥለው ነሐሴ አንድ ጆንያ ኖራ በአህያ አስጭኖ አመጣና እዚያው አጥሩ ሥር አስደገፈው ብለው ነገሩኝ። የመርጋ ቤት ሰው ድንጋዩን መቀባት አይችልም፤ ማምጣት ግን ማንም አልከለከለውም። ከዚያ ማን እንደቀባው አላውቅም። ብቻ እየተቀባ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ጎረምሶቹ ሥራቸውን ሊጨርሱ ነው። ከሻንጣዬ ተነሥቼ ድንጋዩን ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ጫርኩት። የኖራው ቅርፊት አውራ ጣት ያህል ወፍሯል፤ ከሥሩ የደጃዝማቹ ስም አለ፣ ከስሙም ሥር የመርጋ ቤት ሰው አለ። የማን ልጆች እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። የሙዚቃ ገመድ ያጠለቀው ከመርካቶ ለመስቀል የመጣ የዘነበች የወንድሟ የልጅ ልጅ ነው። ባልዲ የያዘው ከመርጋ ቤት ነው።

«ብሩሹን ለእሱ የሰጠኸው ለምንድነው?» አልኩት ባልዲ የያዘውን።

«እንጃ ፋዘር። አያቴ ‹አንተ ባልዲውን ብቻ ያዝ› ስላሉኝ ነው።»

ባልዲው ውስጥ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

«ጨው አልጨመራችሁበትም» አልኳቸው። «ጨው ካልያዘው ዝናብ ያጥበዋል።»

ተያዩና ሳቁ። ባልዲውን የያዘው ግን መሬት ላይ አስቀምጦት፣ ጨው ሊያመጣ ወደ ሱቁ ሄደ።